ክረምቱ ሳይገባ የግቢ ዛፎች እግር ይታይ

ለከተማችን አስተዳደርና የዛፍ መቁረጥ ፈቃድ ለሚሰጡ ባለሙያዎች፣
ለመንገድ፣ ለውሃ መስመርና ለኬብል ዝርጋታ ተቋራጮች፣
ለጋራ መኖሪያ ቤት ማኅበራት፣
በአዲስ አበባ ግቢው ውስጥ ዛፍ ላለው ነዋሪ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በመኖሪያ ግቢ ያሉ አደገኛ ዛፎችን ስለመለየትና ስለመያዝ

የተከበራችሁ ወገኖች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በደንና በከተማ ዛፍ እንክብካቤ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ጊዜውን የመረጥነው አስበንበት ነው። ግንቦት ላይ መሬቱ ገና ደረቅ ስለሆነ ዛፍ ሥር ሆኖ መመርመር፣ መወሰንና መሥራት ይቻላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ሥርን የመያዝ አቅሙ ይላላል፤ ቅጠሉ ዝናብ ተሸክሞ ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ አንድ ብርቱ ነፋስ ለደከመ ሥር ይበቃዋል።

በግቢ ያለ ዛፍ ሲያስፈራ ሰው ቀና ብሎ ጫፉን ያያል። ቁመቱም በነፋስ መወዛወዙም ያስደነግጠዋል። መወዛወዝ ግን ጤነኛ ዛፍ ነፋስን የሚያሳልፍበት መንገድ ነው። ዛፍን ነቅሎ ቆርቆሮ ላይ የሚያሳርፈው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከጉልበታችን በታች ነው፦ የተቆረጠ ሥር፣ የበሰበሰ እግር፣ በአፈር የተቀበረ አንገት። ስለዚህ ዋናው ልመናችን አንድ ነው። ይቆረጥ ወይም አይቆረጥ ከመባሉ በፊት የዛፉ እግር ይታይ።

አስተያየቱ እንዲህ ነው። ከግንዱ ዙሪያ የተከመረውን ብሎኬት፣ አሮጌ ቆርቆሮና ሣር አንሱ። ጤነኛ ዛፍ መሬት ሲደርስ እንደ ዝሆን እግር ሰፋ ብሎ ወደ ሥሮቹ ይከፋፈላል። ግንዱ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ መሬት ውስጥ ከገባ እግሩ ተቀብሯል ማለት ነው። ግቢ ለማስተካከል አፈር ሲሞላ፣ ወይም ሲሚንቶ እስከ ግንዱ ድረስ ሲፈስስ የሚሆነው ይኸው ነው። የተቀበረ ቅርፊት እርጥበት ይዞ ይታፈናል፣ ቀስ እያለም ይበሰብሳል። አፈሩን በእጅና በትንሽ መኮትኮቻ እስከ መጀመሪያዎቹ ዋና ሥሮች ድረስ ገለል አድርጋችሁ ቅርፊቱን ተመልከቱ።

ቀጥሎ መሬቱን እዩ። ዘንበል ካለ ዛፍ ጀርባ፣ ማለትም ካጋደለበት ተቃራኒ በኩል፣ እንደ ጨረቃ የተቀለበሰ ስንጥቅ ወይም እብጠት ካለ ሥሩ መነቀል ጀምሯል። ይህ ምልክት ለነገ የሚባል አይደለም። በዚያው ቀን ሰው ከሥሩ መነሣት አለበት። መዝመም ብቻውን ግን አደጋ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ የዘመመ ዛፍ ብርሃን ፍለጋ ጫፉን ወደ ላይ ያቀናል፤ ግንዱ እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ ነው፤ ሥሩም ለዚያ አቋቋም ተዘጋጅቶ ያደገ ነው። ከእግሩ እስከ ጫፉ ቀጥ እንዳለ በአንድ ላይ ያጋደለ ዛፍ ግን በቅርብ ጊዜ የተንቀሳቀሰ ነው። ጥርጣሬ ካለ ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ከአንድ ቦታ በየሁለት ሳምንቱ ፎቶ አንሡት።

የጅብ ጥላ ከዛፍ እግር ላይ ከበቀለ ብዙ ይናገራል። ዝናብ ሲጥል በግንዱ ዙሪያ ተጠጋግቶ በአንድነት የሚፈላ ለስላሳ የጅብ ጥላ ሥር አብስባሽ ሊሆን ይችላል፤ በሳምንታት ውስጥ ጠውልጎ ስለሚጠፋ በወጣበት ጊዜ ፎቶ ማንሣት ይጠቅማል። ከዚያ የሚብሰው ዓመት ከዓመት የማይጠፋው ነው። እንደ መደርደሪያ ከግንዱ ወጥቶ የሚቀመጥ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ከላይ ቡናማ ከታች ነጭ የሆነ አካል ነው። ከሥሩ ያለው ሣርና ቅጠል ላይ እንደ ተወቀጠ ቡና ያለ ብናኝ ይነሰንሳል። ይህን ቆርጦ በመጣል የሚገኝ ጥቅም የለም። የሚታየው ፍሬው ብቻ ነው፤ በሽታው ያለው ግንዱ ውስጥ ነው፤ እዚያ እስኪደርስም እንጨቱን ለዓመታት ሲበላ ቆይቷል።

ከዚያ በእንጨት መዶሻ ወይም በመጥረቢያ ጀርባ ግንዱን በየስንዝሩ ዙሪያውን ምቱት። ደህናው እንጨት ደረቅና አጭር ድምፅ ይሰጣል። ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ቀዳዳ ካለ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ አስገብታችሁ ምን ያህል እንደሚገባ ለኩ። ባዶ ሆኖ መገኘቱ ብቻ ግን ይቆረጥ አያሰኝም። የሚቆመው በዙሪያው ባለው ደህና እንጨት ነውና ጥያቄው የግድግዳው ውፍረት ነው። የግንዱን ዙሪያ በሜትር ለክታችሁ ለ3.14 ስታካፍሉ የግንዱን ውፍረት ከጎን እስከ ጎን ታገኛላችሁ። ዙሪያው 188 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 60፣ ግማሹ 30 ነው። በልማድ የምንጠቀምበት መነሻ ደህናው ግድግዳ ቢያንስ የግማሹ ሲሶ ይሁን የሚል ነው፤ እዚህ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጎኑ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ግንድ ግን የተሰነጠቀ ቱቦ ያህል ስለሚደክም ከዚህ የበለጠ ያስፈልገዋል። በየደብሩ ልባቸው ባዶ ሆኖ ሳለ በግርማ የቆሙ የሐበሻ ጥዶች አሉ። እነሱን «ባዶ ናቸው» ብሎ መፍረድ በደል ነው። እባካችሁ ከመጋዝ በፊት ይለኩ።

አሁን በከተማችን ብዙ ዛፍ ወደሚያዳክመው ነገር እንምጣ። ቁፋሮ ነው። የዛፍ ሥር ወደ ጥልቁ የሚወርድ ይመስለናል፤ አብዛኛው ግን ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ተዘርግቶ ከቅርንጫፉ ጥላ ውጭ ድረስ ይሄዳል። የአጥር መሠረት፣ የሴፕቲክ ጉድጓድ፣ የውሃ ቱቦና የኬብል ቦይ የሚያገኙት ይህንኑ ነው። ቦዩ በአንድ ቀን ይቆፈራል፣ ይሞላል፣ ቅጠሉም እንደለመለመ ይከርማል። የተቆረጠው ሥር ግን ከጫፉ እየበሰበሰ ወደ ግንዱ ይመጣል። ዛፉ ሲወድቅ አጥሩ የተሠራበት ዓመት ተረስቷል።

አንድ ነገር በተለይ እንዲታወቅልን እንፈልጋለን። አጥር በሚሠራበት በኩል ያለው ሥር ሲቆረጥ ሰው ዛፉ ወደ አጥሩ ይወድቃል ብሎ ያስባል። ነገር ግን ነፋስ ከአጥሩ በኩል ሲገፋ ዛፉን ወደ ኋላ ስቦ የሚይዘው ያው የተቆረጠው ሥር ነበር። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያጋድለው ወደ ግቢው ውስጥ፣ ወደ ቤቱ ነው።

የምንጠይቀው ልክ ይህ ነው። የግንዱ ውፍረት በ12 ተባዝቶ የሚገኘው ርቀት የሥሩ ክልል ይባል። ውፍረቱ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በየአቅጣጫው 6 ሜትር ማለት ነው። በዚህ ክልል ውስጥ ስካቫተር አይግባ፤ በእጅ ይቆፈር፤ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር የወፈረ ሥር ባለሙያ ሳያየው አይቆረጥ፤ ቱቦና ኬብል ከሥሮቹ ሥር ሾልኮ ይለፍ። የውፍረቱ ሦስት እጥፍ በሆነው ቅርብ ክልል ውስጥ፣ ማለትም በምሳሌው 1.5 ሜትር ውስጥ፣ ምንም ዋና ሥር እንዳይነካ። ይህ ከዛፉ ጋር ብቻ የተያያዘ ጉዳይ አይደለም። እዚያ የሚቆፍረው የቀን ሠራተኛም ከሥሩ ነው የቆመው።

ሁለተኛው የምንለምናችሁ ነገር ጫፍ መቁረጥ እንዲቆም ነው። ባለቤቱ ይፈራል፣ ዛፉ እንዳይጠፋም ይታሰባል፣ ስለዚህ መሐል ላይ «ጫፉ ይቀነስ» ይባላል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ውጤቱ ግን ክፉ ነው። በዘፈቀደ የተቆረጠ ወፍራም ግንድ ቁስሉን ሊዘጋ አይችልም፤ ዝናብ ገብቶት ከላይ ወደ ታች ይበሰብሳል። ዛፉ የጠፋበትን ቅጠል ለመተካት ከቁስሉ ዙሪያ ብዙ ቀጫጭን ቀንበጥ ያወጣል። እነዚህ ቀንበጦች ከግንዱ ልብ አልበቀሉም፤ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ቀጭን ሽፋን ላይ ተለጥፈው ነው የሚያድጉት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቀድሞውን ቁመት ይይዛሉ፤ ያኔ ከባድ ግንድ በበሰበሰ ጉቶ ላይ ቆሞ ታገኛላችሁ። ጃካራንዳና ግራቪሊያ ላይ ይህን በየሰፈሩ ማየት ይቻላል። ባህር ዛፍም ከመሬት ተቆርጦ ሲያቆጠቁጥ እንዲሁ ነው። ከአንድ ጉቶ አራትና አምስት ግንድ ሲወጣ እያንዳንዱ የተያያዘው ከጉቶው ጠርዝ ጋር ነው፤ ጉቶው መሐሉ ሲበሰብስ ግንዶቹ ወደየውጭው ይገነጠላሉ። ቤት አጠገብ ያቆጠቆጠ ባህር ዛፍ ሳይወፍር ቢነሣ ይሻላል።

ዛፍ መቀነስ ካለበት ቅርንጫፉ ከተነሣበት ቦታ ይቆረጥ። ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ላይ ትንሽ የተጨማደደ እብጠት አለ፤ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ አስቡት። ቁስሉን የሚዘጋው ሕዋስ ያለው እዚያ ነው። ኮሌታውን ከግንዱ ጋር እኩል አድርጎ መላጨትም፣ ክንድ የሚያህል ጉቶ ማስቀረትም ቁስሉ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ቆረጣው በሦስት ጊዜ ነው። በመጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከታች ወደ ላይ እስከ ሲሶው። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች፤ ቅርንጫፉ ቅርፊት ሳይገሽልጥ ይወድቃል። በመጨረሻ የቀረው ጉቶ ከኮሌታው ውጭ። ቀለም፣ ሬንጅ ወይም ጭቃ አትቀቡት፤ እርጥበት ያፍናል እንጂ አያድንም። በአንድ ዓመት ውስጥ ከለምለሙ አካል ከሩብ በላይ አታንሱ። የደረቀ ቅርንጫፍ ግን በማንኛውም ጊዜ ይነሣ።

መንታ ግንድ ያለውን ዛፍ መገናኛው ላይ ተመልከቱት። እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሰፋ ብሎ የተለያየ መንታ ጠንካራ ነው። ጠቦ እንደተገጠመ መዳፍ የተጣበቀ፣ ቅርፊቱ በመሐል ወደ ውስጥ የገባ መንታ ግን ተነካክቶ ቆመ እንጂ አልተያያዘም። ከመገናኛው በታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስንጥቅ ወይም የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ካለ መሰንጠቅ ጀምሯል። ዛፉ ወጣት ሳለ ከሁለቱ አንዱን ማንሣት በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው። ሃያ ዓመት ሲሞላው ግን ገመድ፣ መወጣጫና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

ዓይነቱን ማወቅም ይረዳል። ግራቪሊያ ቅርንጫፉ ቶሎ ይሰበራል። የፈረንጅ ጥድ ሥሩ ብዙ ጊዜ ከላይ ስለሆነ በረጠበ መሬት ላይ ከነሥሩ ይገለበጣል፤ የቅርንጫፉን ፈሳሽ የሚመጥ አፊድ የሚባል ትንሽ ተባይ ሲያጠቃውም ከውስጥ ወደ ውጭ እየቀላ ይደርቃል። ወይራና የሐበሻ ጥድ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ረጅም ጊዜም ይታገሣሉ። ባህር ዛፍ ደግሞ ከሁሉም በላይ ቁመቱ ነው ነገሩ። በረድፍ ከቆሙት መካከል ጎረቤቶቹ ሲቆረጡ ብቻውን የሚቀረው ቀጭን ዛፍ ነፋስን ለብቻው መመከት አልለመደም። ሁለቱንም በሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁመቱን ለውፍረቱ አካፍሉት፤ 20 ሜትር ቁመት ያለውና 20 ሳንቲ ሜትር የወፈረ ባህር ዛፍ መቶ ይመጣል፤ መቶ የደረሰ ቀጭን ዛፍ ባዶ ቦታ ላይ ብቻውን እንዲቆም አይተው።

ቁመቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ከዓይናችሁ እስከ ጨበጣችሁ ያለውን ርዝመት የሚያህል ቀጥ ያለ እንጨት ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። እንጨቱ ዛፉን ከእግር እስከ ጫፍ እስኪሸፍን ወደ ኋላ ሂዱ። ከቆማችሁበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። ያንን ዙሪያውን ስታስቡት ዛፉ ቢወድቅ የሚያርፍበትን ክልል ታገኛላችሁ። በክልሉ ውስጥ ምን አለ? መኝታ ክፍል፣ ሰርቪስ ቤት፣ ልጆች የሚጫወቱበት ደጅ፣ ሰው የሚሰለፍበት የታክሲ መያዣ? የዛፉ ደካማነትና ከሥሩ የሚውለው ሰው አብረው ካልታዩ አደጋ የሚባል ነገር አይለካም። ክፉኛ የተበላሸ ዛፍ ሰው በማይደርስበት ገደል ዳር ቢወድቅ ጉዳት የለውም፤ ወፍ ይኖርበታል። አንዳንድ ጊዜም ከዛፉ ይልቅ አልጋውን፣ የመኪና ማቆሚያውን ወይም የዶሮ ቤቱን ማዛወር ይቀላል።

መውደቅ ያለበት ዛፍ ግን በጥንቃቄ ይውደቅ። 30 ሳንቲ ሜትር የወፈረና 2 ሜትር የረዘመ እርጥብ የባህር ዛፍ ግንድ 140 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በቤቶች መካከል ይህን በሦስት ሰው ጉልበትና በአንድ ገመድ መያዝ አይቻልም። ከላይ ጀምሮ በአጭር በአጭሩ ተቆርጦ በገመድ መውረድ አለበት። ወገብ ላይ የታሰረ ገመድ መታጠቂያ አይደለም፤ ቆራጩ ቢንሸራተት የጎድን አጥንቱን ይሰብረዋል። የሰውነት መታጠቂያ፣ የራስ ቆብ፣ የዓይን መከላከያና ጓንት ይኑረው። በዝናብና በነፋስ አይወጣ። ገላጣ ቦታ ላይ ከመሬት ሲጣል ደግሞ በሚወድቅበት በኩል እስከ ውፍረቱ ሩብ ድረስ አፍ ይከፈታል፤ ከኋላ ሲቆረጥ የውፍረቱን አሥረኛ ያህል እንጨት እንደ ማጠፊያ ይተዋል። ማጠፊያውን በልቶ የቆረጠ ሰው የዛፉን አቅጣጫ መምራት አይችልም። ወደ ፊት ክፉኛ ያጋደለ ባህር ዛፍ ከኋላ ሲቆረጥ ግንዱ ወደ ላይ ተሰንጥቆ ቆራጩን ሊመታ ይችላል፤ ይህ ለጀማሪ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። ሌላው ሰው ሁሉ ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ርቆ ይቁም።

ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍ ላይ ባለቤትም የሰፈር ቆራጭም እጁን አያንሳ። እርጥብ ቅርንጫፍና እርጥብ ገመድ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውላችሁ መስመሩ ተቋርጦ ይሠራ። ዛፍ ሽቦ ይዞ ከወደቀ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፣ ልጆችንም አርቁ፤ ሽቦው ዝም ቢልም መሬቱ ሊይዝ ይችላል። ሰው ከሥር ከተያዘ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር መስመር 939 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ብዙ ጊዜ ቆራጩ ገንዘብ አይቀበልም፤ ግንዱን ይወስዳል። ቀጥ ያለው፣ ጤነኛው፣ ለማገርና ለምሰሶ የሚሆነው ግንድ ለእሱ ዋጋ አለው፤ የበሰበሰው አያዋጣውም። ስለዚህ «የትኛው ይቆረጥ?» የሚለው ጥያቄ ለእሱ አይቅረብ። የሚመረምረውና እንጨቱን የሚወስደው ሰው የተለያዩ ይሁኑ።

ለፈቃድ ሰጪ ባለሙያዎች የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አመልካቹ አንድ ገጽ ቅጽ ይሙላ፦ የዛፉ ዓይነት፣ የግንዱ ዙሪያ ከመሬት በ1.3 ሜትር ላይ፣ ቁመቱ፣ በቁመቱ ርቀት ውስጥ ያለው ቤትና መንገድ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት አጠገቡ የተቆፈረ ነገር ካለ፣ የእግሩ ፎቶ ከአራት አቅጣጫ። መሬት ሰንጥቆ የተነቃነቀ፣ መንታው የተገነጠለ ወይም ቤት ላይ የተንጠለጠለ ዛፍ በ24 ሰዓት ይታይ፤ ፈቃዱም እዚያው ላይ ይሰጥ። እግሩ የበሰበሰ ግን ገና ያልተነቃነቀ ዛፍ ሰኔ ሳይገባ ይወሰን። የቀረው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦትና ጥቅምት ላይ፣ ይታይ፤ ባለቤቱ ፎቶ ልኮ ብቻ እንዲያሳድስ ይደረግ። የደረቀ ቅርንጫፍ ለማንሣት ፈቃድ ባይጠየቅ ሰው ሳይፈራ በጊዜው ያነሣዋል። ውሳኔውም «ጫፉ ይቀነስ» የሚል አማራጭ አይኑረው፤ የትኛው ቅርንጫፍ ከየት እንደሚቆረጥ ይጻፍ።

በመጨረሻ ስለሚተከለው። በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ ደስ ይለናል፣ እጃችንም አለበት። ችግኙ ያደገበትን ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ አውልቁ። ፕላስቲኩ ውስጥ ብዙ የቆየ ሥር ታች ደርሶ እንደ ቀለበት ይጠመዘዛል፤ እንደዚያው ከተተከለ ሲወፍር ራሱን በራሱ ያንቃል፣ ዛፉም አሥር ዓመት ሞልቶት በአንድ ነፋስ እንደ ተነቀለ ካሮት ይወጣል። የተጠመዘዘውን የታች ሥር 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር በስለት ቁረጡ። ጉድጓዱ ከአፈሩ ድቡልቡል አይጥለቅ፤ የሥሩ መነሻ ከመሬት ጋር እኩል ይሁን። ትልቅ የሚሆን ዛፍ ከቤት ግድግዳ ከ10 ሜትር ባነሰ ርቀት አይተከል፤ ቦታው ከጠበበ አነስ ያለ ዛፍ ምረጡ። በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ባህር ዛፍም ግራቪሊያም አትትከሉ።

ለከተማ አስተዳደሩ፦ በዚህ ክረምት ችግኝ በሚታደልበት ጣቢያ ሁሉ ፕላስቲኩን የሚያወልቅና የተጠመዘዘውን ሥር የሚቆርጥ አንድ ሰው ስለት ይዞ እንዲቆም እንጠይቃለን። የአንዱ ችግኝ ሥራ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከአክብሮት ጋር፣
በደንና በከተማ ዛፍ እንክብካቤ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች